ለሬንጅፋይንደር ካሜራ የምትሆን ትንሽ ቦርሳ፦ አመራረጧ፣ አሰፋፏና ዕቃ አደራደሯ

ሬንጅፋይንደር (ሁለት ምስል በማገጣጠም ፎከስ የሚደረግበት ካሜራ) ይዞ መሀል አዲስ አበባ የሚዞር ሰው ቦርሳ ሲመርጥ ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያረጋግጥ፣ ቦርሳውን መሬት ሳያስቀምጥ ቆሞ ሌንስ መቀየር መቻሉን። ፒያሳ በሉት መርካቶ በሉት ሜክሲኮ፣ ቦርሳ የሚቀመጥበት ቦታ የለም እኮ፣ በክረምት ጭቃ ነው በበጋ አቧራ ነው፣ ንፁህ ደረጃ ብታገኙ እንኳን ቦርሳውን እግራችሁ ስር ትታችሁ ዓይናችሁን ቪውፋይንደር (የካሜራው መመልከቻ መስኮት) ላይ መትከል ጥሩ አይደለም። ከዚህ በታች የምጽፈው ልኩም፣ ጨርቁም፣ አደራደሩም ከዛች ነጥብ ነው የሚነሳው።

1. መጀመሪያ ዕቃውን፣ ከዛ ቦርሳውን

ብዙ ሰው መጀመሪያ ቦርሳ ይገዛና ከዛ ቦርሳው እስኪሞላ ዕቃ ይጨምራል። ተገላቢጦሽ ነው መሆን ያለበት። ያላችሁን ሁሉ አልጋ ላይ ዘርግታችሁ አንድ ቦዲ (ያለ ሌንስ ካሜራው ራሱ) እና ሁለት ሌንስ እስኪቀር ድረስ ቀንሱ። ለመሀል ከተማ የእኔ ምርጫ 35 ሚሜ ሌንስ ካሜራው ላይ፣ 50 ሚሜ ቦርሳ ውስጥ ነው፣ ሁለቱ በጣም ይቀራረባሉ የሚል ሰው 28 እና 50 ያድርግ፣ ሶስተኛ ሌንስ ግን ኧረ በፍፁም፣ ቆማችሁ የቱን ላድርግ ስትሉ ሰውየው መንገድ ተሻግሮ ይሄዳል።

ሬንጅፋይንደር ስል ላይካ ኤም፣ ፎይክትሌንደር ቤሳ፣ ካኖኔት፣ ያሺካ ኤሌክትሮ (የነዚህ የሁለቱ ሌንስ አይፈታም፣ ባላቸው አንድ ሌንስ ነው የሚሰሩት)፣ ወይ ደግሞ ከአባት ከአጎት የተወረሰ የሶቭየት ዞርኪና ፌድ ሊሆን ይችላል። ውስጣቸው እንደ ኤስኤልአር (በሌንሱ በኩል የሚታይበት ካሜራ) የሚነሳ መስታወት ስለሌለ ሌንሱ ወደ ፊልሙ ተጠግቶ ነው የሚቀመጠው፣ ለዛ ነው ዕቃው ሁሉ ቀጭንና ትንሽ የሆነው። ላይካ ኤም6ን ብንወስድ ወርዱ 14 ሳንቲሜትር አካባቢ፣ ቁመቱ 8 ሳንቲሜትር የማይሞላ፣ ውፍረቱ 4 ሳንቲሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ደግሞ 575 ግራም አካባቢ ነው። ሌንሶቹ እያንዳንዳቸው ሩብ ኪሎ ገደማ። ስለዚህ ቦርሳውም ፊልሙም ምናምኑም ተደምሮ ከ2 ኪሎ ማለፍ የለበትም፣ ባዶ ቦርሳው ብቻውን ከ800 ግራም በላይ ከሆነ ተዉት። ለትልልቅ ዲኤስኤልአር የተሰራ ቦርሳ ካላችሁ ደሞ እሱን ልጠቀም አትበሉ፣ ባዶ ቦታው ስለሚበዛ ካሜራው ውስጡ እየተንገጫገጨ ነው የሚውለው፣ መንገጫገጭ ደሞ ለሬንጅፋይንደር መጥፎ ነው ምክንያቱም ሁለቱን ምስል የሚያገጣጥመው ክፍል ሲመታ ልኩን ይስታል፣ ያኔ ገጥሟል ብላችሁ ያነሳችሁት ፎቶ ብዥ ብሎ ይወጣል።

ዞርኪ ወይ ፌድ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። የነሱ ቪውፋይንደር ለ50 ሚሜ የተሰራ ስለሆነ በሌላ ሌንስ ለማንሳት ከላይ የሚሰካ ትርፍ ቪውፋይንደር ያስፈልጋል፣ እሷ ትንሽዬ ዕቃ ስለሆነች የራሷ ኪስ ይኑራት። ጁፒተር 12 የሚባለው 35 ሚሜ ካላችሁ ደግሞ የኋላ መስታወቱ ወደ ውስጥ በጣም የወጣ ስለሆነ ከነ ረጅሙ የኋላ ክዳኑ ካልሆነ ቦርሳ ውስጥ አይግባ፣ ያለ ክዳን አንዴ ከቁልፍ ጋር ከተፋተገ አለቀ።

2. ውጪው ምን ይምሰል

በአጭሩ ካሜራ የማይመስል ነገር። ጥቁር ናይለን ሆኖ የካሜራ ስም በትልቁ የተጠለፈበት ቦርሳ ይዞ መርካቶ መግባት ሌባ መጥራት ነው። ቡናማ፣ አመድማ ወይ ወታደራዊ አረንጓዴ ሸራ፣ የተማሪ ወይ የመሥሪያ ቤት ቦርሳ የሚመስል፣ እሱ ነው ጥሩ።

እዚህ ላይ የማነሳው ታሪክ አለ፣ ምክንያቱም ምርጫችንን በጣም ያቀልልናል። ፎቶግራፈሮች የሚወዱት ዶምኪ የሚባለው ቦርሳ ጂም ዶምኪ በሚባል የፊላደልፊያ ኢንኳየረር ጋዜጣ ፎቶግራፈር እንደ ፈረንጆቹ በ1970ዎቹ የተሰራ ነው፣ ሀሳቡም ደረቅ ሳጥን ተሸክሞ ከመዞር ይልቅ ሰውነት ላይ የሚተኛ ለስላሳ ሸራ ቢሆንስ የሚል ነበር። የእንግሊዞቹ ቢሊንግሃም ደግሞ በ1973 ሥራ ሲጀምር የዓሣ አጥማጅ ቦርሳ ነበር የሚሰፋው፣ ኒውዮርክ ያሉ ፎቶግራፈሮች ለካሜራ እየገዙት እንደሆነ ሲታወቅ ነው ወደ ካሜራ ቦርሳ የዞረው። ማለትም ጥሩ የካሜራ ቦርሳ ሲጀመር የካሜራ ቦርሳ መሆን የለበትም። ውጪ አገር ዘመድ ካላችሁና ካመጣላችሁ እሰየው፣ ካልሆነ ግን መርካቶ ወይ ፒያሳ ተራ የሸራ ቦርሳ ገዝታችሁ ውስጡን ብታሰፉለት ከዛ የሚያንስ ነገር አታገኙም፣ እኔ እንደውም የሚሻል ነው ባይ ነኝ ምክንያቱም ልኩ የእናንተ ካሜራ ልክ ነው የሚሆነው።

ስትገዙ የምታዩት፦ የውስጥ ልኩ ወደ ጎን 25፣ ወደ ውስጥ 11፣ ወደ ላይ ቢያንስ 16 ሳንቲሜትር። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፣ በዓይን አይገመትም። ክዳኑ እስከ ቦርሳው ግማሽ የሚወርድ፣ ጎንና ጎኑን የሚሸፍን፣ ምክንያቱም ዝናብ የሚገባው በጎን ነው። ማንገቻው 4 ሳንቲሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ ደረት ላይ አቋርጦ የሚያልፍ ርዝመት ያለው፣ ከቦርሳው ጋር የተያያዘበትን ቦታ ገልብጣችሁ እዩ፣ ከላይ በቀለበት ብቻ የተንጠለጠለ ከሆነ ለጫማ ሰፊ ሰጥታችሁ በወፍራም ክር በመስቀለኛ ስፌት አስደግሙት፣ ማንገቻው ቦርሳው ስር ዞሮ የሚያልፍ ከሆነ ግን እሱ ምንም አያስፈልገውም። መዝጊያው ዘለበት ወይ ማግኔት ቢሆን ይመረጣል። ቬልክሮ ያለው ከሆነ ቻርርር የሚለው ድምፁ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሰው ሁሉ ዞሮ እንዲያያችሁ ያደርጋል፣ በላዩ ላይ ጨርቅ ለጥፋችሁ ዝጉት። ዚፕ ብቻ ያለውን አልመክርም፣ ካሜራውና ሌንሱ ሲወጣና ሲገባ በዚፑ ጥርስ ይጫራል፣ በዛ ላይ ሁለት እጅ ይፈልጋል። ቆዳ ቦርሳ ያምራል፣ የሀገራችን ቆዳም ጥሩ ነው፣ ግን ክብደቱም አለ ዝናብ ከጠጣም ቶሎ አይደርቅም፣ ለበጋ ይሁን።

3. ውስጡን ማሰፋት

ዋናው ሥራ ይሄ ነው፣ ስለዚህ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

የሚያስፈልገው አንድ ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ፣ ጠንከር ያለ ሌላ ስፖንጅ፣ እና ገበር ጨርቅ ነው። ስፖንጁን ሶፋና ፍራሽ የሚሰሩ ቤቶች ጠይቁ፣ ቁርጥራጭ አያጡም። ጨርቁ ለስላሳ ሆኖ ክር የማይለቅ ይሁን፣ የነጠላና የጋቢ ጨርቅ በፍፁም አይሆንም ምክንያቱም ብናኙ ሌንሱ የሚሰካበት ቦታ ይገባል። ቀለሙ ፈካ ያለ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ጥቁር ገበር ውስጥ ጥቁር የሌንስ ክዳን መፈለግ ሲመሽ ያበሳጫል።

ልብስ ሰፊው ጋ ስትሄዱ ካሜራውን ከነሌንሱ ይዛችሁ ሂዱ፣ "ጋሼ በዚህ ልክ ነው የምፈልገው" ብላችሁ ራሱን ካሜራውን አስለኩ። የሚሰራው ነገር ክዳን የሌለው ለስላሳ ሳጥን ነው፣ ከቦርሳው የሚወጣና የሚገባ፣ የውጪ ልኩ 25 በ11፣ ከፍታው 14። ውስጡ በአንድ መከፋፈያ ለሁለት ይከፈላል፣ 15 ሳንቲሜትር ለካሜራው፣ 7 ሳንቲሜትር ለሁለተኛው ሌንስ፣ የቀረው የስፖንጁ ውፍረት ነው።

አሁን የካሜራውን ክፍል እዩት። ካሜራው የሚገባው ሌንሱ ወደ ታች፣ ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ ነው። ግን ሌንሱ የቦርሳው ወለል ላይ ማረፍ የለበትም፣ ቦርሳውን ታክሲ ወንበር ላይ ዘፍ ባደረጋችሁ ቁጥር ምቱ በሌንሱ አልፎ ቦዲው ላይ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ በግራና በቀኝ ከጠንካራው ስፖንጅ 6 ሳንቲሜትር ከፍታ ያላቸው ሁለት ትንንሽ መደቦች ይሰሩና መሀላቸው 6 ሳንቲሜትር ተኩል ክፍተት ይተዋል፣ የካሜራው ሁለት ትከሻ መደቦቹ ላይ ያርፋል፣ ሌንሱ መሀል ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ምንም አይነካውም። ሁለቱ መደቦች እኩል ላይሆኑ ይችላሉ፣ ምክንያቱም ብዙ ካሜራ ላይ ሌንሱ ልክ መሀል ላይ አይደለም ያለው፣ ለዛ ነው ካሜራውን ይዛችሁ ሂዱ ያልኩት። መደቦቹን አታስለጥፉ፣ በጨርቅ ተሸፍነው እንዲሁ ተጠጋግተው ይቀመጡ፣ ሌንስ ከቀየራችሁ ማንቀሳቀስ ትችላላችሁ።

ይቺ ክፍተት ሌላም ጥቅም አላት። ካሜራው አንገታችሁ ላይ ሲሆን ቦታው ባዶ ነው፣ ስለዚህ ሌንስ ስትቀይሩ የፈታችሁትን እዛች ክፍተት ውስጥ ትጥሉታላችሁ፣ ልኩ የሌንስ ልክ ስለሆነ አይንከባለልም፣ ከዛ ሁለተኛውን ታነሳላችሁ። ሁለት ሌንስ በአንድ እጅ ይዞ የመጨነቅ ነገር ይቀራል።

4. ዕቃውን መደርደር

ሁለተኛው ሌንስ የኋላ ክዳኑ ወደ ላይ ሆኖ ይቁም፣ ከፊት ክዳኑ ስር ቀጭን ስፖንጅ ይኑር። ላይካና የመሳሰሉት ሌንሶች ላይ ያለችው ቀይ ነጥብ ሁልጊዜ ወደ ሆዳችሁ ትዙር፣ ጣታችሁ ሳያይ ያገኛታል። ስትቀይሩ ቦርሳውን ወደ ፊት አምጡና ለፀሐይ ጀርባ ስጡ፣ ሌንሱ ሲወጣ የጨርቁ ሻተር ብቻ ነው ፊልሙን የሚጋርደው፣ የራሳችሁ ጥላ ውስጥ መቀየር ይሻላል።

ስለ ሌንስ ክዳን ደሞ። ሬንጅፋይንደር ላይ የምታዩት በሌንሱ ስላልሆነ ክዳኑን ሳታነሱ መተኮስ ቀላል ነው፣ በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው ክዳን ጭራሽ ይተዋል። ግን መስታወት ስለሌለ ሌንሱ ወደ ፀሐይ ከዞረ ብርሃኑ ሻተሩ ላይ ይሰበሰብና ጨርቁን ይበሳል፣ እንደ አጉሊ መነጽር ማለት ነው። እንደ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ፀሐይ ደሞ አይናቅም። ስለዚህ ሕጉ ቀላል ይሁን፣ ካሜራው ቦርሳ ሲገባ ክዳን ይደረጋል፣ ሲወጣ ክዳኑ ወዲያው ሁልጊዜ አንድ ኪስ ይገባል፣ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ስትሄዱ አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) 16 ላይ፣ ፎከሱን ከሩቅ ወደ ቅርብ መልሱት። ዩቪ ፊልተር ከዚህ አያድንም።

የፊት ኪስ ውስጥ ፊልም። ካርቶኑን ቤት ጣሉት፣ ፊልሙ ከነ ፕላስቲክ ቆርቆሮው አንድ የምታሳይ ላስቲክ ውስጥ ይግባ። ያለቀው ፊልም ሌላ ኪስ፣ ምላሱ ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ፣ ሁለቱ ከተደባለቁ አንድ ፊልም ላይ ሁለቴ ታነሳላችሁ። የቀትሩን ብርሃን አስቡበት፣ 400 ፊልም (ቁጥሩ ሲበዛ ትንሽ ብርሃን ይበቃዋል) ላይ ጠራራ ፀሐይ ማለት አፐርቸር 16 ሻተር 1/500 ሰከንድ ገደማ ነው፣ ሻተራችሁ ደሞ ኤም6 ወይ ዞርኪ 4 ከሆነ 1/1000፣ ፌድ 2 ከሆነ 1/500 ላይ ያቆማል፣ ስለዚህ በቀን አፐርቸር መክፈት የሚፈልግ 100 ፊልም ይያዝ ወይ ለጥቁርና ነጭ ቢጫ ፊልተር ሌንሱ ላይ ያድርግ፣ አንድ ስቶፕ (የብርሃኑን ግማሽ) ገደማ ይበላለታል፣ ሰማዩንም ጠቆር ያደርግለታል።

የቀረው ቶሎ ያልቃል። ለኤም6 ሁለት የሰዓት ባትሪ የመሰሉ ኤልአር44 ወይ ኤስአር44፣ ሰዓት ሰሪ ጋ ጠይቁ። ዲጂታል ለያዘ አንድ ትርፍ ባትሪና ሚሞሪ፣ መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ማታ ሳትተኙ ቻርጅ አድርጉ። አንድ የሌንስ ጨርቅ፣ ትንሽ ብሩሽ። ከላይ ደሞ ቀጭን ሻርፕ እጠፉበት፣ ካሜራውን ይሸፍናል፣ ቦርሳው ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው ሻርፕ ይሆናል፣ ብርድ ሲመጣም ይለበሳል። ሳንቲምና የታክሲ ብር ግን እዚህ ቦርሳ ውስጥ አታስገቡ፣ ሱሪ ኪስ ይሁን፣ ረዳቱ ሂሳብ ሲል ካሜራ ያለበት ቦርሳ መከፈት የለበትም።

5. መንገድ ላይ

ቦርሳው በደረት አቋርጦ ከፊት ለፊት፣ የሚከፈተው በኩል ወደ ሰውነታችሁ። ሚኒባስ ሰልፍ ላይና ባቡር ውስጥ ማንገቻውን አሳጥራችሁ አንድ እጅ ክዳኑ ላይ አድርጉ፣ ሰው ሆን ብሎ ሲገፋችሁ የምታውቁት እጃችሁ እዛ ካለ ነው። ወንበር ካገኛችሁ ጭን ላይ፣ ሞተሩ አጠገብ ያለው ቦታ ላይ አታስቀምጡ፣ ይሞቃል፣ ፊልም ደሞ ሙቀት አይወድም።

ፍተሻ የኛ ከተማ የራሷ ነገር ነው፣ ሆቴል ቢሆን ባንክ ቢሆን ሞል ቢሆን ቦርሳ ይከፈታል። ጥበቃው ሳይጠይቅ በፊት ሰላም በሉ፣ "ወንድሜ ካሜራ ነው ያለው" ወይ "እህቴ ካሜራ አለ" በሉና ክዳኑን ራሳችሁ ክፈቱ፣ ሻርፑን አንሱ፣ ሁሉም ነገር በአንድ እይታ የሚታይ ከሆነ እጃቸውን አያስገቡም። ለዚህም ነው ውስጡ ፈካ ያለ ገበር ይሁን ያልኩት። በማሽን የሚያሳልፉ ቦታ ላይ፣ በተለይ ቦሌ ኤርፖርት፣ ያቺን የፊልም ላስቲክ አውጥታችሁ በእጅ ይፈተሽልኝ ብላችሁ በትህትና ጠይቁ፣ አዲሶቹ ሲቲ የሚባሉት ማሽኖች ፊልም ያበላሻሉ፣ ካሜራው ውስጥ ያለውንም ጨምሮ፣ ስለዚህ ጉዞ ካለ ካሜራው ባዶ ይሁን። አራት ኪሎ ቤተ መንግሥቱ አካባቢ፣ ወታደራዊ ቦታዎችና ኤምባሲዎች ጋ ደግሞ ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ክዳኑ ተዘግቶ ይለፍ፣ አንገት ላይ ተንጠልጥሎም አይታይ።

ከሰኔ እስከ መስከረም ወፍራም ላስቲክ ተጣጥፎ የኋላ ኪስ ውስጥ ይኑር፣ ቦርሳውን ሙሉ የሚያለብስ መሆን አለበት። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ስለሆነ አትታለሉ፣ ከሰዓት በኋላ ሲመጣ በአንዴ ነው። ላስቲኩ ግን ዝናቡ እስኪያባራ ብቻ ነው፣ ካባራ በኋላ አውልቁት፣ እርጥበት አፍኖ ይይዛል።

6. ፈተናው

ፊልም ከመግባቱ በፊት ቦርሳውን ሙሉ አድርጋችሁ ቤት ውስጥ ዝለሉ፣ ደረጃ ውረዱ፣ የሚንኳኳ ነገር ከሰማችሁ ስፖንጅ ጨምሩ። ከዛ በቸርችል ጎዳና ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር ውረዱና ተመልሳችሁ ውጡ። ቁልቁለቱ ላይ ቦርሳው ጭናችሁን እየመታ ከወረደ ማንገቻው ረዝሟል፣ ዳገቱ ላይ ትከሻችሁን ከቆረጣችሁ ደሞ ወይ ዕቃ በዝቷል ወይ ማንገቻው ጠቧል። መንገድ ላይ ጥግ ይዛችሁ ቆማችሁ ሌንስ ቀይሩ፣ ወደ ቦርሳው ሳታዩ እስክትችሉ ድረስ ድገሙት።

ሬንጅፋይንደሩንም እዛው ፈትሹት፣ ማዘጋጃ ቤት ጋ ቆማችሁ ወደ ታች ሩቅ ያለ የፎቅ ጠርዝ ወይ አንቴና ምረጡ፣ ፎከሱን እስከ መጨረሻው ሩቅ ላይ አድርጉትና ሁለቱ ምስል በደንብ መግጠሙን እዩ፣ ወደ ጎንም ወደ ላይም። ቦርሳውን ይዛችሁ ስትመለሱ ድጋሚ እዩት። ከተዛባ ቦርሳው ካሜራውን እያስመታው ነው ማለት ነው፣ መደቦቹን ከፍ አድርጉ፣ ካሜራውንም ለሚያውቅ ሰው አሳዩ፣ ራሳችሁ ብሎን አትንኩ።

ማታ ቤት ስትገቡ ሁሉንም አውጡ። የውስጡን ሳጥን ከቦርሳው ነጥላችሁ ገልብጣችሁ አራግፉት፣ ዝናብ የነካው ቀን ከሆነ ቦርሳው ተከፍቶ ይደር፣ ካሜራውና ሌንሶቹ ደረቅ መደርደሪያ ላይ ይደሩ። ቦርሳ ወይ የቆዳ ሽፋን ውስጥ ተዘግቶ ወራት የሚቀመጥ ሌንስ ፈንገስ ያወጣል፣ መስታወቱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ሆኖ ይታያል፣ አንዴ ከገባ ማስለቀቁ ከባድ ነው። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትመጣዋን እርጥበት መጣጭ ፓኬት አትጣሏት፣ ሁለት ሶስቷን ሌንሶቹ አጠገብ አድርጉ።

ዞርኪና ፌድ የያዛችሁ ደሞ ካሜራውን ለማሳደር ሻተሩ ሳይቀሰር (ለመተኮስ ሳይወጠር) ይሁን፣ ጠዋት ስትወጡ የሻተር ፍጥነት የምትቀይሩት ከቀሰራችሁት በኋላ ብቻ ነው፣ ቦርሳ ውስጥ ሳለ የፍጥነት መቀየሪያው እንዳይዞርም ሻርፑን በላዩ ጠበቅ አድርጋችሁ እጠፉበት።